ዜማና ልቡና በላስታ ምድር

በላስታ ደጋ አንድ ሕፃን ከየኔታ እግር ሥር በተቀመጠ ጊዜ አስቀድሞ የሚሰጠው ድምፅ ነው፤ የፊደሉን መልክ ዓይኑ በቅጡ ሳይለየው ሀሁን ከጓደኞቹ ጋር ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀበላል፣ አቡጊዳውንም እንዲሁ፣ ከዚያም የዮሐንስን መልእክት በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ እየለየ ይዘልቃል፤ ዳዊት ለመድገም በበቃበት ዕድሜም የንባብን ሕግ ያወቀው በጆሮው ስለሆነ፣ የሚወድቀውንና የሚነሣውን ቃል፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን ፊደል ማንም ደንቡን ቆጥሮ ሳያስረዳው ይለየዋል። ይህ ልጅ ኪነ ጥበብ የሚባል የተለየ ትምህርት ተምሮ አያውቅም፤ ይሁን እንጂ የተማረው ሁሉ የመጣለት በኪነ ጥበብ በኩል ነው።

በዘመናችን የትምህርት ነገር በተነሣ ቁጥር ዜማ፣ ሥዕል፣ ግጥምና ውዝዋዜ ለልጅ ምን ይጠቅሙታል ተብሎ ይጠየቃል፤ ጠያቂውም በአብዛኛው ሒሳቡንና ሳይንሱን ከጨረሰ በኋላ ለተረፈችው ሰዓት ምክንያት የሚፈልግ ነው። እኔ በዚህ ምዕራፍ ለማስረዳት የምሻው ግን ጥያቄው ከመነሻው እንደተጣመመ ነው፤ ምክንያቱም አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ባቆሙት ሥርዓት ውስጥ ጥበብ የዕውቀት ጌጥ ሆና አታውቅም፣ ልጅ ዕውቀትን የሚቀበልባት፣ ከዚያም በላይ ደስታውንና ሐዘኑን በልክ የሚይዝባት መንገድ ነበረች። ለዚህም ከላስታና ከዙሪያዋ የተሻለ ምስክር የሚገኝ አይመስለኝም፤ በ12ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ላይ የነገሠው ንጉሥ ላሊበላ ያሳነጻቸው 11 አብያተ ክርስቲያናት ዓለም ሁሉ የሚያውቃቸው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች መካከል ለመቆጠር በቅተዋል። ጎብኚው ድንጋዩን አይቶ ይሄዳል፤ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ ግን ከሕንጻው ባላነሰ መጠን ሊመረመር የሚገባው ነው።

ንባብን የጨረሰ ተማሪ ወደ ዜማ ቤት ይገባል። በዚያ የሚጠብቁት ድጓ፣ ጾመ ድጓና ምዕራፍ የተባሉት የዜማ መጻሕፍት ናቸው፤ ዜማውም በሦስት ዓይነት ይከፈላል፣ ጽኑና ቀጥ ያለው ግዕዝ፣ ረጋ ብሎ የሚለዝበው ዕዝል፣ ቀጠን ብሎ ልብን የሚመስጠው አራራይ፣ ሊቃውንቱም እነዚህን በሥላሴ አካላት መስለው ያስተምራሉ። ዜማው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚተላለፍ ቢሆንም ጽሕፈትም አለው፤ በ16ኛው ምዕት ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሚባሉት ሊቃውንት ምልክቱን እንደ ሠሩት ይነገራል፣ ይኸውም ከቃሉ በላይ በደቃቅ ፊደልና በጭረት የሚጻፈው ድፋት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ሂደት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረትና ቁርጥ የተባለው ነው። ትውፊቱ እያንዳንዱን ምልክት ከክርስቶስ ሕማማት ጋር ያያይዘዋል፤ ጭረቱ የግርፋቱ፣ ርክርኩ የደሙ ነጠብጣብ ምሳሌ ነው እየተባለ ይተረጎማል። እንግዲህ የ12 ዓመት ልጅ ድምፁን በሚያንቀጠቅጥበት ቅጽበት አንድ የተጨነቀ አካል እያሰበ ነው ማለት ነው፤ የሌላውን ሕማም በገዛ ጉሮሮው መሸከምን ይለምዳል፣ ርኅራኄንም በስብከት ሳይሆን በድምፅ ያጠናታል። በቀድሞው ሥርዓት የድጓ ተማሪ ለመመረቅ የራሱን ድጓ በብራና ላይ ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፍ ስለነበር፣ ጆሮውም ዓይኑም ጣቱም በአንድ ሥራ ላይ ተባብረው ያድጉ ነበር።

ዜማ ለልቡና ጤና የሚሰጠው ጥቅም ይበልጥ የሚገለጠው ግን በአቋቋሙ፣ ይኸውም ዜማው ከአካል እንቅስቃሴ ጋር በሚቀርብበት ሥርዓት ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ረጋ ብለን እንመልከተው። በማሕሌት አንድ ቃል በመጀመሪያ በቁም ዜማ ይባላል፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ጸናጽል፣ ድምፅ ብቻውን። ቀጥሎ ያው ቃል በዝማሜ ይደገማል፤ መቋሚያው ከትከሻ ወርዶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዘማል፣ አካልም ከእርሱ ጋር ያዘነብላል። ከዚያም ወደ መረግድ ይሻገራል፣ ከበሮው በዝግታ ይመታል፣ ጸናጽሉ ይከተላል፤ ከመረግድ ወደ ጽፋት ሲደርስ ምቱ ይፋጠናል፣ ጭብጨባ ይገባል፣ ሽማግሌው ከጎልማሳው፣ ጎልማሳው ከደቀ መዝሙሩ እኩል ይነቃነቃል። አንዱ ቃል አራት ጊዜ ተለዋውጦ ሲመጣ የሰሚው ስሜት ከጸጥታ ተነሥቶ በደረጃ ወደ ፍሥሐ ይወጣል፤ ማንም ሰው በአንድ ጊዜ ከትካዜ ወደ ደስታ ዝለል አይባልም፣ ማንም በደስታው ውስጥ ሥርዓቱን አይስትም። የስሜትን ጉልበት ሳይገድሉ በልጓም መያዝ ይህ ነው፤ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ልጆችን ሊያስተምሩት የሚደክሙበት ነገርም በእውነት ይኸው ነው።

ዓመቱም እንዲሁ በስሜት ተከፋፍሏል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የማሕሌተ ጽጌ ወራት ነው፣ በእሑዶቹ ዋዜማ ሌሊቱ በዝማሬ ይነጋል፤ ዐቢይ ጾም በገባ ጊዜ ከበሮውና ጸናጽሉ ዝም ይላሉ፣ የሚቀረው መቋሚያውና የሰው ድምፅ ነው፤ የትንሣኤ ሌሊት ሲደርስ ከበሮው እንደገና ይመለሳል። አንድ ልጅ በዚህ ሥርዓት 10 ዓመት ሲኖር ሐዘን ወራት እንዳለው፣ ወራቱም ተፈጽሞ ደስታ በተራው እንደሚመጣ በአጥንቱ ያውቀዋል። ለልጆቻችን ደስ ይበላችሁ ብቻ እያልን ማሳደግ ለእነርሱ ታላቅ በደል ይመስለኛል፤ ሐዘንን የሚቀበልበት ቦታና ጊዜ ያላገኘ ልጅ ሐዘኑ ሲመጣ የሚያኖርበትን ያጣልና።

የዚህ ዜማ አባት ስለሚባለው ስለ ቅዱስ ያሬድ የሚተረከውን ሁላችን እናውቃለን፤ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ሁለቱም በተመስጦ ስለተያዙ፣ ንጉሡ በጦሩ ላይ ሲደገፍ ጫፉ የያሬድን እግር ወግቶ ደሙ ሲፈስ አንዳቸውም አላወቁም ይባላል። ይህን ታሪክ እንደ ቤተ ሙከራ ማስረጃ የማቅረብ ሐሳብ የለኝም፤ ነገር ግን በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሮቢን ደንባር የሚባሉት ሊቅ ከረዳቶቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙትን ጥናት ሳነብ የመጣልኝ ይኸው የያሬድ እግር ነው። እነርሱ ሰዎች ሕማምን ምን ያህል እንደሚታገሡ ሲለኩ፣ የዘመሩት፣ ከበሮ የመቱትና የጨፈሩት ሰዎች ከዚያ በኋላ ሕማምን የመቻል ኃይላቸው ከፍ ብሎ አግኝተውታል፤ ሙዚቃን ቁጭ ብለው ያዳመጡት ግን እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየባቸውም። ጥቅሙ ያለው በመሥራቱ ነው ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ተማሪውን አፉን አስከፍቶ፣ በጓደኞቹ መካከል አቁሞ የሚያስተምረው የዜማ ቤት ሥርዓትም ከዚህ ጋር የሚስማማ ነው።

የዚህም ዓመታዊ ማሳያ በላሊበላ ከተማ ታኅሣሥ 29 ቀን ይገኛል፤ ዕለቱ የጌታ ልደት ሲሆን በትውፊቱ የንጉሡም የልደት ቀን ነው። ሌሊቱ በማሕሌትና በቅዳሴ ካለፈ በኋላ፣ ካህናቱ ከፊሎቹ በቤተ ማርያም ዙሪያ ካለው የዐለቱ አፋፍ ላይ፣ ማሜ ጋራ ከሚባለው ሥፍራ፣ ከፊሎቹም በታች ከቅጽሩ ውስጥ ቆመው ቤዛ ኩሉ የተባለውን ዝማሬ ይቀባበላሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞችና የሰው ልጆች ሁሉ ምሳሌ ናቸው። የሰሜኑ ጦርነት በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላስታ ደርሶ፣ ከተማዋ በወራት ውስጥ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባና ስትወጣ ከቆየች በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ 29 ቀን ይኸው ሥርዓት በቦታው ተፈጽሟል። በዚያ ማለዳ በቆመው ሕዝብ መካከል ቤተሰቡን የቀበረ፣ ከብቱን ያጣ፣ ልጁ ወዴት እንደሄደ ያላወቀ ሰው ነበረ፤ ዝማሬው ያጣውን አልመለሰለትም፣ ብቻውን እንዳልሆነ ግን በአካሉ እንዲያውቀው አድርጎታል ብዬ አምናለሁ፤ ከሺህ ሰው ጋር አንድ እስትንፋስ ስቦ አንድ ቃል ማውጣት ከማንኛውም የማጽናኛ ንግግር የበለጠ ይህን ያስረዳል።

ከዜማ ቤት ቀጥሎ ያለው ቅኔ ቤት ነው፣ ለዚህም ከላስታ በስተ ደቡብ ያለችው ዋድላ ከጎጃሞቹ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ አገር ናት። የቅኔ ተማሪ ግሱን ከመምህሩ ከተቀበለ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካው ወይም ወደ ወንዙ ዳር ይሄዳል፣ ብቻውን ተቀምጦ ቃሉን ከምሥጢሩ፣ ሰሙን ከወርቁ ያስማማል፤ ሲመሽ ተመልሶ ለየኔታ ይነግራቸዋል፣ እርሳቸውም ያቀኑለታል። ጀማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይነሣል፣ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ፣ ከዚያም ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት እስከሚሞላው መወድስ ይወጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማያወላዳ ሕግ አለ፣ ይኸውም ቅኔ አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለ ዛሬ አይደገምም፣ የጓደኛው ቅኔ በእርሱ አፍ አይቆጠርለትም። የአብነት ትምህርት ሸምደዳ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ክፍል አላዩትም፤ በየቀኑ ከራሱ ልብ ያፈለቀውን አዲስ ነገር ይዞ እንዲመጣ በ14 ወይም በ15 ዓመቱ የሚታዘዝ ተማሪ ዛሬ በስንት ትምህርት ቤት ይገኛል? ብቻውን የሚቀመጥባት ያቺ ሰዓት ደግሞ የራሷ ጸጋ አላት። የራቀች እናቱን ናፍቆት፣ ረኀቡን፣ ቂሙን፣ የሚወደውን ሰው በወርቁ ሥር አድርጎ በሰሙ ሊሸፍነው ይችላል፤ መናገር ያልደፈረውን ነገር በሥርዓት የሚናገርበት ቋንቋ ተሰጥቶታል።

ይህን ስል የአብነቱን ኑሮ አሳምሬ ለመሣል አይደለም። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ለምኖ ይማር ነበር፤ አለንጋውም ብርቱ ነበር፤ ከወላጆቹ በሌሊት ጠፍቶ የመጣ ሕፃን የሚያለቅስበት ትከሻ ላያገኝ ይችላል። ከዚህም ሁሉ የሚከብደው በሩ ለሴቶች ልጆች ተዘግቶ መኖሩ ነው፤ በጎጃም ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔ ተምረው፣ ወንበር ዘርግተው፣ ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ማስተማራቸው በሩ ቢከፈት ኖሮ ምን ሊገባ ይችል እንደነበር የሚያሳይ ነው።

የላስታ ልጃገረዶች የራሳቸውን ትምህርት ቤት ያገኙት በሌላ በኩል ነው። ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ አሸንድዬ ይገባል፤ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል የሚሉት በዓል ነው። ልጃገረዶቹ ረጃጅሙን ቅጠል ሰብስበው በወገባቸው ያስራሉ፣ ጠጉራቸውን ይሠራሉ፣ ከበሮ ይዘው በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ግጥሙን ከቤቱ ባለቤት ጋር እያስማሙ እዚያው ይፈጥሩታል፣ ያመሰግናሉ፣ ሲያስፈልግም ይነካሉ። ዓመቱን ሙሉ ውኃ ስትቀዳና እንጨት ስትለቅም የኖረችው ልጅ በእነዚህ ቀናት በአደባባይ ድምፅ አላት፣ የምትለውም ይደመጣል። እናቶች በማጀት፣ አያቶች በምድጃ ዳር ግጥሙንና ምቱን ያስተላለፉላት ያለ ደመወዝና ያለ መጽሐፍ ነው፤ እኔ ይህን የትምህርት ሥራ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፣ የበዓል ጨዋታ ብቻ ብለው የሚያልፉት ሰዎችም ደግመው እንዲያስቡበት እለምናለሁ።

ለሐዘንም ጥበብ አለ። በወሎ ቀዬ ሰው በሞተ ጊዜ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች፤ የሟቹን ትውልድና ሥራ ትቆጥራለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላታል፣ ሐዘንተኛው ሊናገረው አቅቶት በጉሮሮው የተወተፈውን ነገር ሌላ ሰው በግጥም አውጥቶ ይናገርለታል። አባቶች ፊት መንጨትንና ከልክ ያለፈውን ዋይታ ሲገሥጹ መኖራቸው ትክክል ነው፤ ሙሾው ግን ከዋይታው ልዩ ነው፣ ለዋይታው መልክና መጨረሻ የሚሰጠው እርሱ ነውና። በጾሙ ወራት ደግሞ የበገና ጊዜ ነው። 10ሩ አውታር በዝግታ ሲመታ የሚወጣው ጥልቅ ድምፅ ለአደባባይ የሚሆን አይደለም፣ ሰውን ወደ ውስጡ የሚመልስ ነው፤ ብላቴናው ዳዊት በመታ ጊዜ ንጉሡ ሳኦል ከጭንቀቱ ያርፍ እንደነበር በመጽሐፈ ሳሙኤል የተጻፈው ለእኛ አገር ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። መምህር ዓለሙ አጋን የመሰሉ ደርዳሪዎች ይህን መሣሪያ በአዲስ አበባ ለወጣቶች በማስተማራቸው ለትውልድ የዋሉት ውለታ ብዙ ነው።

ከላስታ በስተ ደቡብ፣ በአምባሰል፣ ግሸን ማርያም አለች። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ የተወለዱት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ፣ በካይሮ ቫዮሊንና ፒያኖ ከተማሩ በኋላ ወደ እንግሊዝ ሄደው ሙዚቃ ሊያጠኑ የነበራቸው ተስፋ ቢከለከልባቸው፣ በብርቱ ሐዘን ምግብ እስከ መተው ደርሰው፣ በኋላ ዓለምን ንቀው ወደዚች ደብር መጥተው 10 ዓመት ያህል በባዶ እግር ኖረዋል። ከዚያ ወጥተው ወደ ፒያኖው ሲመለሱ የደረሷቸው ዜማዎች የያሬድን መንገድና የአውሮፓን ትምህርት ያስታረቁ ናቸው፤ ከሸክላቸው የተገኘውንም ገንዘብ ለድኃ አደጎች ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ ከፒያኖው አልተለዩም። የተከለከለ ተስፋ ሰውን እንዴት እንደሚሰብር፣ ጥበብም የተሰበረውን እንዴት እንደምትይዝ ከዚህ ሕይወት የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላውቅም።

አሁን ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ትምህርት ቤት ከከፈቱ ወዲህ አዲሱ ትምህርት ብዙ በጎ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ነገር ግን ልጁን ከቤተ ክህነቱ ዜማና ከእናቱ ግጥም ለይቶ በወንበር ላይ ዝም አሰኝቶ አስቀመጠው። ሥነ ውበት ይባል የነበረው፣ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም የክወናና የዕይታ ጥበባት የተባለው ትምህርት በመጽሐፍ ታትሞ መገኘቱ ያስደስታል፤ ከበሮ በሌለው፣ ቀለም በሌለው፣ ለዚህም የሠለጠነ መምህር ባልተመደበለት ክፍል ግን ስለ ዜማ ተነብቦ ይታለፋል። ደንባርና ረዳቶቻቸው ያገኙት እንዲህ ላለው ክፍል ብርቱ ማስጠንቀቂያ ነው።

ለጥበብ ትምህርት ሰዓት የሚከራከሩ ወዳጆቼ ብዙ ጊዜ ሙዚቃ የሒሳብ ውጤትን ከፍ ያደርጋል እያሉ ያቀርቡታል። ይህን መንገድ አልወደውም፤ አንደኛ ማስረጃው ቀጭን ነው፣ የሃርቫርድ ሊቃውንት ኤለን ዊነርና ሎይስ ሄትላንድ እ.ኤ.አ. በ2000 የብዙ ዓመታትን ጥናት ሰብስበው ሲመረምሩ ክፍል ውስጥ ድራማ መሥራት የልጆችን የቋንቋ ችሎታ እንደሚያዳብር በደንብ ቢያረጋግጡም፣ የጥበብ ትምህርት በጠቅላላው የንባብና የሒሳብ ውጤትን ያሳድጋል ለሚለው በቂ ምክንያት አላገኙም። ሁለተኛም፣ ጥበብን የሒሳብ አሽከር አድርጎ ያስገባ ሰው ሒሳቡ በሌላ መንገድ የተሻሻለ ዕለት ያስወጣታል። ስለ ልቡና ጤና የተሰበሰበው ምስክርነት ግን የተለየ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን አስመርምሮ፣ ጥበብ በሽታን በመከላከልና ጤናን በማሳደግ፣ በሕክምናም ጊዜ በማገዝ ጉልህ ድርሻ እንዳላት አስታውቋል።

ጦርነትና ስደት ያለፈባቸው የላስታ ልጆች ይህን እርዳታ ከሩቅ መጠበቅ አያሻቸውም፤ መምህራኑ በቀዬአቸው አሉ። የአብነት መምህር በሳምንት ሁለት ቀን ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት መጥተው ምቱንና አቋቋሙን ቢያሳዩ፣ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነውም ልጅ የራሱን መንዙማ ከሚያውቁ ሽማግሌ ቢማር፣ በአሸንድዬ ያደገች እናት ከበሮዋን ይዛ ወደ ክፍል ብትገባ፣ ለእነዚህም ሰዎች ለሌላው መምህር የሚከፈለው ያህል አበል ቢቆረጥላቸው፣ ሥራው ዛሬ ሊጀመር ይችላል። ሥዕልን በተመለከተ ደግሞ የቤተ ማርያም ጣሪያ ሐረግና የአዕዋፍ ሥዕል፣ በቤተ ጎልጎታ ግድግዳ የተቀረጹት ቅዱሳን፣ በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ተደራርቦ የታነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ የገነተ ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች ለአካባቢው ልጅ በእግር ወይም በመኪና ከአንድ ቀን መንገድ የማይርቁ ናቸው። ከውጭ አገር የመጣው ጎብኚ ሁሉ ያያቸዋል። ተማሪው እርሳስና ወረቀት ይዞ፣ ከመምህሩ ጋር ተቀምጦ እነርሱን የሚሥልበት ቀን በትምህርት ዓመቱ የጊዜ ሰሌዳ ውስጥ መግባት አለበት፣ የመጓጓዣውና የወረቀቱ ወጪም በትምህርት ቤቱ በጀት ስሙ ተጠርቶ ሊጻፍ ይገባል።